የካርዱን ስም እስከ ጅራቱ ጻፉልን

ይድረስ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የሸማቾችን ጉዳይ ለምትከታተሉ፣
ለጅማ ከተማ የንግድ ጽሕፈት ቤት፣
የኮምፒውተር ዕቃ እያስመጣችሁ ለምትሸጡልን ነጋዴዎችም ጭምር።

ከሰላምታ በኋላ ቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ጅማ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት እያደረግኩ፣ በጎን ደግሞ ኮምፒውተር እየጠገንኩ ነው የምኖረው። ሱቄ ከፈረንጅ አራዳ ብዙ አይርቅም። ሁለት ክፍል ናት። አንዷ ውስጥ ኤዲት ይሠራል። በሌላዋ ውስጥ የሰው ኮምፒውተር ሆዱ ተከፍቶ ወረፋ ይጠብቃል። ጥር ሲመጣ ሰርግ ይጎርፋል፤ ከረመዳን በፊትም የኒካህ ጥድፊያ አለ። ክረምት ላይ ደግሞ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ ይመጣልኛል። በጋም ሆነ ክረምት እንጀራዬ ያለው ካርድ ላይ ነው። ካርድ ስል የሞባይል ካርድ እንዳይመስላችሁ። ኮምፒውተር ውስጥ ሆኖ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርድ ማለቴ ነው፤ ብዙ ሰው «ቪጂኤ» የሚለው።

ባለፈው ጥር፣ ሰርጉ በበዛበት ሰሞን፣ ካርዴ ሞተ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ፈሰሰ፤ ከዚያ ጭልም አለ። ሦስት ሰርግ ወረፋ ላይ ነበር። የአንዷ ሙሽራ ወንድም በቀን ሁለቴ ይደውላል። እኔም አዲስ አበባ ያለ አንድ ሱቅ ደወልኩ። «አርኤክስ 580፣ 8 ጂቢ ይኖርሃል?» አልኩት። «አለ ወንድሜ፣ ብራንድ ኒው፣ እሽግ» አለኝ። 24 ሺህ ብር ላክሁ። ዕቃው በማግስቱ ጅማ መናኸሪያ ደረሰልኝ።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ «አርኤክስ 580» ተጽፏል። ከሥሩ «8 ጂቢ»። ፕላስቲኩ አልተነካም። ካርዱን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ያየሁት ብሎኖቹን ነው። የአንዱ አናት ተልጧል። ከፋብሪካ የወጣ ብሎን አይላጥም፤ የሚላጠው በቸኮለ ሰው እጅ ነው። ፋኑን በጣቴ ገፋ ሳደርገው ትንሽ ተንገራገጨ። አፍንጫዬን አስጠጋሁ። የአዲስ ዕቃ ሽታ አይደለም፤ ምድጃ ዳር የከረመ አቧራ ነው የሚሸተው። ሰካሁት። ሠራ። ከዚያ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፈትኩ። የካርዱን ማንነት ከውስጥ የሚያነብ ነው። እዚያ ላይ ስሙ ሳጥኑ ላይ ካለው ይረዝማል። «አርኤክስ 580 2048ኤስፒ» ይላል።

ይቺ ጅራት ናት ደብዳቤ ያስጻፈችኝ።

ኤኤምዲ የሚባለው ካርድ ሠሪ ድርጅት አርኤክስ 580ን ያወጣው በ2017 ነው። (ከዚህ በኋላ የካርድ ነገር ሳወራ ዓመቱን እንደ ፈረንጆቹ እጽፋለሁ።) ያ ካርድ ውስጡ 2304 ኮር አለው። ኮር ማለት ሥራውን የሚከፋፈሉ ትንንሽ ሠራተኞች ናቸው በሉት። በዚያው ዓመት የወጣው ታናሹ አርኤክስ 570 ደግሞ 2048 አለው። ከዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ኤኤምዲ ራሱ ለቻይና ገበያ ባለ 2048ቱን በ580 ስም አወጣ፤ መለያ እንድትሆን ያቺን ጅራት ጨመረበት። ቻይና ሲሸጥ ጅራት ነበረው ማለት ነው። ጅማ እስኪደርስ ጅራቱ ተቆርጧል። ከዘጠኝ ሠራተኛ አንዱ የለም፤ የተከፈለው ግን የዘጠኝ ደመወዝ ነው።

ደወልኩለት። ሻጩ አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ 580 አልከኝ፣ 580 ላክሁልህ። 570 ብትለኝ 570 እልክልህ ነበር» አለኝ። ጅራቷን ነገርኩት። «እሷ የፋብሪካ ኮድ ናት፣ አትጨነቅ» ብሎ ሳቀ። ከልቡ መስሎት ሊሆን ይችላል። እሱም ካስመጪው የተረከበው በዚሁ ስም ይሆናል። ደረሰኙን አወጣሁ። «ቪጂኤ ካርድ፣ 1» ይላል። በዚህ ደረሰኝ ማንን ልክሰስ? ዳኛ ፊት ብቆም፣ ቪጂኤ ካርድ ገዛሁ፣ ቪጂኤ ካርድ ተረከብኩ። ፍርዱ ለኔም ግልጽ ነው።

ካርዱን አልመለስኩትም። ሰርግ ነበረብኝ፤ የሙሽራዋ ወንድምም መደወሉን አላቆመም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የካርድን ስም ግን የሚያወጣው የሽያጭ ክፍል ነው። ይህንንም አንድ ድርጅት ብቻ አይደለም የሚያደርገው። የተፎካካሪው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1060 በ2016 ሲወጣ ባለ 6 ጂቢው 1280 ኮር ነበረው። ትንሽ ቆይቶ ባለ 3 ጂቢ ተብሎ የመጣው ግን 1152 ብቻ ነው። ሰው የሜሞሪ ልዩነት ብቻ መስሎት ገዛው። ጂቲ 1030 በ2018 በቀርፋፋ ሜሞሪ ተሠርቶ በዚያው ስም ተሸጠ። ጂቲ 730ማ ከመጀመሪያው ሦስት ዓይነት ነበር፤ አንዱ 96 ኮር፣ ሌሎቹ 384። ሦስቱም «ጂቲ 730» ነው የሚባሉት። እስከ ዛሬ ጅማ ውስጥ በብዛት የማየው እሱን ነው።

እዚህ ላይ ለፋብሪካዎቹ ፍርድ ልስጥ። ከአንድ ቺፕ ደህናውንና ደካማውን ለይቶ መሸጥ ነውር አይደለም። ቺፕ የሚሠራው ስፋቱ 30 ሳንቲሜትር በሆነ ክብ ዲስክ ላይ ነው። የእንጀራ ግማሽ የሚያህል ስፋት በሉት። ዲስኩ ላይ እዚህም እዚያም ጉድፍ አይጠፋም። እንጀራውን በሰፊው ብትቆርጡት አንድ ጉድፍ አንድ ትልቅ ቁራሽ ያበላሻል። በትንንሹ ብትቆርጡት የሚበላሸው ትንሽ ነው። ጉድፍ የነካውን ቁራሽ ደግሞ አይጥሉትም። የተበላሸውን ጥግ ይዘጉና፣ የቀረውን ዝቅ ባለ ስምና ዝቅ ባለ ዋጋ ይሸጡታል። ቆጣቢ ባለሙያ የሚያደርገው ነው። ድሃም በዚህ ነው ካርድ የሚያገኘው። ነገሩ የሚበላሸው ጥጉ ተዘግቶ ስሙ ሳይዘጋ ሲቀር ነው።

ታዲያ ስም ላይ ይህን ያህል የሚለፉት ለምንድን ነው? ብዙ ሰው «ፈረንጅም ያጭበረብራል ለካ» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ያለው ዋጋ ላይ ነው።

ኤንቪዲያ፣ ኤኤምዲና ኢንቴል ሦስቱም ዋና መሥሪያ ቤታቸው አንድ ከተማ ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ ክላራ። የኤንቪዲያው ጄንሰን ሁዋንግና የኤኤምዲዋ ሊሳ ሱ ሁለቱም የታይዋን ተወላጆች ናቸው፤ በሩቁም ይዛመዳሉ። ሦስቱም ዛሬ የካርዳቸውን ቺፕ የሚያሠሩት ታይዋን ባለው ቲኤስኤምሲ በሚባል ቺፕ ሠሪ ፋብሪካ ነው። አንድ ሠፈር፣ አንድ ምጣድ። እንዲህ ያሉ ሰዎች እንዴት ይፎካከራሉ ብትሉ፣ እንደ ጅማ ሄርማታ ገበያ ማር ሻጮች ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዷ የምትጠራውን ዋጋ ሌላዋ ትሰማለች።

ውድድሩ እውነተኛ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት 2008ን ማስታወስ ይበቃል። ጁን ላይ ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 280ን በ649 ዶላር፣ ታናሹን ጂቲኤክስ 260ን በ399 ዶላር አወጣ። ቺፑ 576 ስኩዌር ሚሊሜትር የሚሰፋ ግዙፍ ነገር ነበር። ኤኤምዲ ያኔ የካናዳውን ካርድ ሠሪ ኤቲአይን በ5.4 ቢሊዮን ዶላር ከገዛ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ በግዢው ጎብጦ ነበር። ወደ ትልቁ ቺፕ አልሄደም። በ256 ስኩዌር ሚሊሜትር፣ ከግማሽ በታች በሆነ ቁራሽ፣ ኤችዲ 4870ን ሠርቶ በዚያው ወር በ299 ዶላር ለቀቀው። ታናሹ 4850 ደግሞ 199 ዶላር። 4870 የ399 ዶላሩን ጂቲኤክስ 260 ተጋፈጠው፤ በብዙ ጌም አልፎትም ሄደ።

ከዚያ ምን ሆነ? በሳምንታት ውስጥ ኤንቪዲያ 280ን ወደ 499፣ 260ን ወደ 299 አወረደ። አስቡት፤ በአንድ ካርድ ላይ 150 ዶላር፣ ያውም ሲወጣ በተጠራው ዋጋ ላይ ወር እንኳ ብዙ ሳይቆይ። ልመና የለም፣ ሰልፍ የለም፣ የመንግሥት ተመን የለም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል፤ ካርድ ላይ ግን ሳሩ የሚያገግመው ሲጣሉ ነው። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ካርዱንም ወሬውንም ያየሁት የሰው ኮምፒውተር ላይ ነው።

በ2019ም ትንሽ ቲያትር አይተናል። ኤኤምዲ አርኤክስ 5700 ኤክስቲን በ449 ዶላር እሸጣለሁ አለ። ኤንቪዲያ ሱፐር የሚባሉትን ካርዶች ይዞ ከተፍ አለ። ኤኤምዲ ካርዱ ሱቅ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ዋጋውን ወደ 399 አወረደው። በኋላ አንድ ኃላፊያቸው «ቀድመን ያሰብነው ወጥመድ ነበር» ብሎ ፎከረ። እኔ በፉከራው ብዙም አላምንም፤ 50 ዶላሯን ግን አምናለሁ።

ይህ ሁሉ የሠራው ገዢው ሁለቱን ካርድ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ስለቻለ ነው። ማር ሻጯ ዋጋ የምትቀንሰው ጣትህን ነክረህ የሁለቱንም ስትቀምስ ነው። ቅምሻው ከቀረ ፉክክሩም ይቀራል። የካርድ ስም ደግሞ ቅምሻው ነው። ጅማ ያለ ሰው ካርዱን ሞክሮ አይገዛም፤ ስሙን ሰምቶ ነው ብር የሚልከው።

ለዚህ ከማንም ክርክር የሚበልጥ ማስረጃ ራሱ ኤንቪዲያ ሰጥቶናል። በ2022 ሴፕቴምበር ላይ ሁለት ካርድ «አርቲኤክስ 4080» ብሎ አስተዋወቀ። አንዱ ባለ 16 ጂቢ፣ 1199 ዶላር። ሌላው ባለ 12 ጂቢ፣ 899 ዶላር። ስሙን የሰማ ሰው ልዩነቱ ሜሞሪው ብቻ ይመስለዋል። ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው፤ አንዱ 9728 ኮር፣ ሌላው 7680። ቺፑም ሌላ ነው። ገዢው ጮኸ። በአንድ ወር ውስጥ ኤንቪዲያ ባለ 12ቱን ሰረዘው፤ ስሙ ሰው እንደሚያደናግር ራሱ አመነ። ያው ካርድ በ2023 ጃንዋሪ ላይ «4070 ቲአይ» ተብሎ ተመለሰ። ዋጋው 799 ዶላር።

ቺፑ ያው፣ ኮሩ ያው፣ ሜሞሪው ያው። ስሙ ሲታረም 100 ዶላር ወረደ።

ይህን አንቀጽ ቢሮ ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ደግማችሁ ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

አሁንማ በራሳቸው ተፋጅተው ዋጋ ያውርዱልን ብሎ መጠበቅ ብዙም አያዋጣም። ኤንቪዲያ በ2025 ጃንዋሪ በዘጋው የበጀት ዓመቱ ከ130 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ከዚህ ውስጥ 115 ቢሊዮኑ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሚገዛው የዳታ ማዕከል ነው። የጌም ካርዱ 11 ቢሊዮን ገደማ። ያው የቲኤስኤምሲ ዲስክ ለሁለቱም ይፈለጋል፤ ከአንድ ቁራሽ ግን የዳታ ማዕከሉ ብዙ እጥፍ ያስገኛል። እናንተ ብትሆኑ ለማን ትቆርሱ ነበር? ኤኤምዲም ቢሆን የ2008ቱን ዓይነት ጥቃት አይደግመውም፤ ብዙ ጊዜ ከኤንቪዲያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። በ2025 ማርች አርኤክስ 9070 ኤክስቲን በ599 አወጣ፤ የተጋፈጠው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5070 ቲአይ ሲወጣ 749 ነበር። ጥሩ ዋጋ ነበር፤ ሱቅ ውስጥ በዚያ ዋጋ ማግኘቱ ነው የቸገረው። ኢንቴል በ2024 ዲሴምበር ባለ 12 ጂቢ ቢ580ን በ249 ዶላር ማውጣቱ ደስ ያሰኘኛል። ጅማ ውስጥ ግን እስካሁን በዓይኔ አላየሁትም።

ሶፍትዌሩም አለ። ኤንቪዲያ ፕሮግራሞች ካርዱን የሚያሠሩበትን፣ ኩዳ የሚባለውን የራሱን መንገድ ከ2006 ጀምሮ ሲያነጥፍ ኖሯል፤ ዛሬ ብዙ የሙያ ፕሮግራም የሚሄደው በዚያ መንገድ ነው። ባለፈው አንድ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተማሪ፣ ብሌንደር የሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም አልሠራ አለኝ ብሎ መጣ። ካርዱ የኔው ወንድም ነው፣ 580። ብሌንደር ከ3.0 ጀምሮ በአሮጌዎቹ የኤኤምዲ ካርዶች ሬንደር ማድረግ ትቷል። ልጁ ይህን የነገረው የለም። «ጋሼ፣ ካርዱ ተበላሽቶ ነው?» አለኝ። አልተበላሸም። ለሱ ሥራ አይሆንም እንጂ።

የኛ አገሩ ክፍል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በመጀመሪያው ቀን 74ን አለፈ፤ ብዙም ሳይቆይ 100ን ተሻገረ። መደርደሪያ ላይ ቀድሞ የነበረው ካርድም አብሮ ጨመረ። ይህን ነጋዴዎች ላይ ብዙም አልፈርድም፤ የሚተካውን ዕቃ በአዲሱ ዶላር ነው የሚያመጡት። የሚገርመኝ ሌላው ነው። እዚያ ዋጋ ሲጨምር በሳምንቱ እኛ ጋ ይሰማል። እዚያ ሲቀንስ ግን ወሬው መንገድ ላይ ይቀራል። በ2022 ሴፕቴምበር ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በካርድ መቆፈሩ ሲቆም ዓለም ላይ ያገለገለ ካርድ ረከሰ። ያ ርካሽ ካርድ ተጠርጎ፣ ተቀብቶ፣ አዲስ ሳጥን ውስጥ ገብቶ እኛ ጋ «ብራንድ ኒው» የሚል ስም ያገኘም አለ። የኔውን የተላጠ ብሎን አስታውሱ።

የገዢው ጥፋትም አለ። ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ስንት ጂቢ ነው?» በቃ። ባለ 4 ጂቢ ጂቲ 730 ከባለ 2 ጂቢ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ይበልጣል ብለው የሚምሉ ሰዎች አውቃለሁ። እውነቱ ቀን ከሌሊት ነው፤ 750 ቲአይ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ሜሞሪ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ቢሰፋ ሠራተኛው ከሌለ ምን ያደርጋል?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ተማሪ ጂቲ 730 ሸጫለሁ። ባለ 96 ኮሩን፣ ደካማውን። «ስንት ጂቢ ነው?» አለኝ። «አራት» አልኩት። አልዋሸሁም። ሌላ አልጠየቀኝም፤ እኔም ሌላ አልነገርኩትም። ደረሰኝ ላይ ምን እንደጻፍኩለት መገመት ትችላላችሁ። የአዲስ አበባው ሻጭ «580 አልከኝ፣ 580 ላክሁልህ» ሲለኝ የኔው ድምፅ ነው በስልክ የተመለሰልኝ።

ጅማ ላይ ተቀምጬ ይህን ስጽፍ ቡናችን ትዝ ይለኛል። ይህ ከተማ ደረጃ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። ቡና ይመጣል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ጥቁሩና የተበላው ፍሬ ይቆጠራል፣ ይቀመሳል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። «ጅማ 5» ዓለም ላይ የሚታወቅ ስም ነው። አምስት መባሉ ማንንም አያሳፍርም። ገዢ አለው፣ ዋጋ አለው፣ ስንት አባወራ ልጁን ያስተማረበት ነው። አምስትን ሦስት ብሎ የጫነ ነጋዴ ግን ምን እንደሚገጥመው እናውቃለን። የጀንፈል ቡናን የታጠበ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው በሠፈሩ አይከበርም። ከቤታችን ለሚወጣው ዕቃ እንዲህ የምንጠነቀቅ ሰዎች ወደ ቤታችን ለሚገባው ለምን ዓይናችንን እንጨፍናለን?

ሕጉ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። እኔ የምጠይቀው «በቂ» የሚለው ቃል ካርድ ላይ ምን ማለት እንደሆነ እንድትነግሩን ነው። «ቪጂኤ ካርድ፣ 1» በቂ ነው? «አርኤክስ 580»ስ?

የምለምናችሁ አንድ መስመር ነው። ዋጋው በተለጠፈበት ወረቀትና ደረሰኙ ላይ የካርዱ ስም እስከ ጅራቱ ይጻፍ። የኮሩ ቁጥር ይኑርበት፤ ሜሞሪው ስንትና ምን ዓይነት እንደሆነም። አዲስ ከሆነ አዲስ፣ ያገለገለ ከሆነ ያገለገለ ይባል። የኔው ካርድ በትክክል ቢጻፍ እንዲህ ነበር የሚሆነው፦ «ራዲዮን አርኤክስ 580 2048ኤስፒ፣ 2048 ኮር፣ 8 ጂቢ ጂዲዲአር5፣ ያገለገለ»። አንድ መስመር ቀለም ናት። ዋጋ ተምኑልን አላልኩም። ተመን የወጣለት ዕቃ ከመደርደሪያ ወርዶ ጓዳ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ላፕቶፕም ላይ ይህ ቢጨመር ደስ ይለኛል፤ እዚያማ አንዱ ካርድ በተሰጠው ዋት ልክ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው። እሱን ግን ለሌላ ቀን ላቆየው።

ነጋዴዎች፣ እናንተንም ልለምን። ከውጭ ስታዝዙ የሚልክላችሁን ሰው ሙሉ ስሙን ጠይቁት። እናንተም ተሸውዳችሁ ነው አንዳንዴ የምትሸውዱን። ካርዱ ሲደርስ አንዱን አውጥታችሁ ሰክታችሁ እዩት፤ ጂፒዩ-ዚ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከ2018 ጀምሮ ስሙ ከውስጥ የተለወጠ የኤንቪዲያ ካርድ ሲያገኝ «ፌክ» ብሎ ይናገራል። አሮጌ ካርድ ውስጡ ተቀይሮ 1050 ቲአይ ነኝ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ላብቃ። ያንን 580 ባለፈው ወር ሸጥኩት። ሰርጉ አልቋል፣ ሌላ ካርድ አገኘሁ። ገዢው ከአጋሮ የመጣ ወጣት ነው፤ ጌም ቤት ሊከፍት። 20 ሺህ አልኩት፤ በ20 ሺህ ተስማማን። ደረሰኝ ስጽፍለት እላይ ያለችውን መስመር እንዳለች ገለበጥኳት። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ይቺ 2048 ምንድን ናት?»

ቁጭ አድርጌ ነገርኩት። 2304ቱን፣ ቻይናን፣ ጅራቷን። ብሎኑንም አሳየሁት። ትንሽ ዝም አለ።

«እንግዲያው 3 ሺህ ይቀነስልኝ» አለ።

ቀነስኩለት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰርግ ቪዲዮ ኤዲተርና ኮምፒውተር ጠጋኝ፣
ጅማ

አባሪ፦ «ቪጂኤ ካርድ፣ 1» የሚል የአንድ ደረሰኝ ቅጂ